ማንም አልነካውም የተባለው ወይንና የኔ እጅ

ዛሬ እዚህ ወደብ ከተማ፣ ራስ ዲካ ሠፈር፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ፊት፣ በገዛ አፌ ጉድ ሆንኩ። ነገ ከሾፌር ጓደኞቼ ከምትሰሙት ዛሬ ከኔው ስሙት።

የእህቴ ልጅ ዘነበች አንድ ፈረንሳዊ ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ እዚያው ነው የምታድረው። ሰውየውን በፈረንሳይኛው፣ "አቶ" ለማለት፣ ሙሴ ነው የምንለው። እኔ ዓይኔ መኪና መንዳት እምቢ ካለኝ ወዲህ ባልባላ ሠፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ ነበር። "ጋሼ ጠጅ መጣል ያውቃሉ" ብላ አስቀጠረችኝ።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ጋን መጠበቅ።

ሙሴ ነጭ የወይን ፍሬ ከኛ አገር በማቀዝቀዣ መኪና ያስመጣል። ሌላው ሰው ጨምቆ ልጣጩን ይጥላል። እሱ ግን ጭማቂውን ከነልጣጩ ሸክላ ጋን ውስጥ ይተወዋል፣ ቀለሙ ናስ እስኪመስል። እርሾ የለ፣ ስኳር የለ፣ መድኃኒት የለ። የጥንት ሰው እንዲህ ነበር የሚሠራው ይላል።

የኔ ድርሻ ክፍሉን በኤሲ ማቀዝቀዝና የተንሳፈፈውን ልጣጭ በእንጨት ወደ ታች መድፈቅ ነው። ከዚያ ውጪ እጄን ኪሴ መክተት።

ለዚህ ይከፈላል እንዴ? ይከፈላል።

ዘነበች ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት። ድሬዳዋ እህቴ ጋ የምታድግ ልጅ አለቻት፣ ማርታ። ሙሴ "የወይኑ ግብዣ በሰላም ይለፍ እንጂ ለፋሲካ ትሄጃለሽ" ብሏታል። ልጅቱ ባቡር ጣቢያ እናቷን ስትቀበል የምትለብሰውን ቀሚስ ሳይቀር መርጣለች።

እና እኔ አንድ ቀን ቀመስኩት።

አዘንኩ። ጌሾ የለውማ! ያለ ጌሾ ምኑ ነው መጠጥ?

ከሾፌር ጓደኞቼ አንድ እፍኝ የጌሾ እንጨት አስመጣሁ። በጨርቅ ቋጥሬ ከተትኩት። ሰንብቶ ዘነበች አገኘችው።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ያደረጉት?"

"ረዳሁት።"

"ያውጡት። ለማንም እንዳይናገሩ ደግሞ። ልጄን ሄጄ ልያት ይተዉኝ።"

አወጣሁት። ጌሾ ግን አንዴ ከገባ ገብቷል።

ዛሬ ግብዣው ሆነ። ከሀብታሞቹ ሠፈር ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ትልልቅ ሰዎች መጡ። ብርጭቆውን ያዞሩታል፣ ያሸቱታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ጋኑ ጋ ቆሜያለሁ።

አንዱ አጣጣመና "ይህ ምሬት ከአፈሩ የመጣ ነው" አለ። አንዷ "ድንጋይ ድንጋይ ይላል" አለች። ለካስ ሙገሳ ነው።

ሙሴ ደረቱን ነፋ። "የሰው እጅ አልነካውም። እኛ ምንም አላደረግንም።"

አጨበጨቡለት። ምንም ስላላደረገ የተጨበጨበለት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዘነበች ሳህን እንደያዘች በዓይኗ ለመነችኝ። ገብቶኛል፣ ዕውር አይደለሁም።

ግን እናንተዬ፣ ያ ሁሉ ምስጋና ለአፈር ሲሄድ ዝም ይባላል?

በዚያች የወደብ ፈረንሳይኛዬ "ሙሴ፣ አፈሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ጌሾ ጨምሬበት ነው" አልኩ።

 

ድንጋይ ያለችው ሴትዮ ብርጭቆዋን በሁለት ጣት ገፋችው። አፈሩን ያመሰገነው ሰውዬ ደግሞ "እኔማ ገና ስቀምሰው ጠርጥሬ ነበር" አይልም መሰላችሁ?

ሙሴ ወደ ዘነበች ዞረ። "ታውቂ ነበር?"

ልትክድ ትችል ነበር። "አዎ" አለች።

እኔ ተባረርኩ፣ እሱስ ይሁን። የሷ የፋሲካ ፈቃድ ግን ቀረ።

እስከ በር ሸኘችኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። "ጋሼ፣ እኔ አልችልም። ለማርታ እርስዎ ደውለው ይንገሯት" አለችኝ።

አሁን ባልባላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ነኝ። የእህቴ ቁጥር ስልኬ ላይ ወጥቷል፣ አረንጓዴዋን መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። መጀመሪያ ይቺን ፖስት ልጻፍ ብዬ ነበር፤ ይኸው እሷም አለቀች።

በዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው ፊት አፌ አልተያዘም። ለስምንት ዓመት ልጅ "እናትሽ አትመጣም" የሚባለው ግን ከየት ይጀመራል? የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ላይኩ ይቅርብኝ።