«አውስት» እና የምድጃው ዳር

«አውስት» የሚባል የእንግሊዝኛ ግስ አለ። ያውቁታል? ባያውቁትም ምንም አልቀረብዎት። እኔ ስምንት ዓመት ቀየት በምትባል የደጋ ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር እያወቅሁት አልጠቀመኝም።

ትርጉሙ ሰውን ከቦታው በግድ ማንሣት ነው። እንግሊዞች ለዚህ ሥራ ቃል አላነሳቸውም። ተከራይን ከቤት ሲያስወጡ «ኢቪክት» ይላሉ፤ ተማሪን ከትምህርት ቤት ሲያባርሩ «ኤክስፔል»። «አውስት» ግን ለየት ይላል። ብዙ ጊዜ ያስነሣው ሰው ራሱ ቦታው ላይ ጉብ ይላል። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ስለነበር ተማሪዎቼን ምሳሌ አልቸገራቸውም። ስለ ሥልጣን፣ ስለ ወንበር ጻፉ። ሁሉንም ትክክል ብዬ አረምሁ። ስለ ምድጃ ዳር የጻፈ ግን አልነበረም።

የቀየትን ብርድ ያልቀመሰ ሰው ይህን ቀልድ ይለዋል። ኅዳር ላይ ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣውን ነፋስ ጋቢ አይመልሰውም። የተከራየሁት እትዬ የሺ ግቢ ነበር፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በግ የሚያረቡ ሴት ናቸው። ከሥራ ስመለስ ኩበቱ ተያይዞ ይጠብቀኛል። ከእሳቱ አጠገብ ያለው፣ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ የእኔ ነበር። የአንተ ነው ብሎ የሰጠኝ የለም። ግን ስምንት ዓመት የተቀመጡበት ነገር የማን ይባላል?

ከዚያ ዳኜ መጣ። ከደብረ ብርሃን የተመደበ ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ነው። እዚያው ግቢ ተከራየ። የመጀመሪያ ቀን ሲንቀጠቀጥ አይተው እትዬ የሺ፣ «የኔ ልጅ፣ ና ወደ እሳቱ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «መምህር፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉለት» አሉኝ። ጠጋ አልሁ። በማግስቱም ጠጋ አልሁ። በሳምንቱ አጎዛው ላይ እሱ፣ በሩ ሥር ከግልገሎቹ ጋር እኔ። አልገፋኝም እኮ! ቢገፋኝማ እከሰው ነበር። ቆሎው እንኳ መጀመሪያ ለሱ ይዘገናል። እሱ ሲያወራ እትዬ የሺ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሳወራ ማን ሳቀልኝ?

አንድ መላ መጣልኝ። በአገራችን ቄስ ሲገባ ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ የሞቀው ቦታም ለሳቸው ይለቀቃል። ዳኜ ከተነሣ ቦታውን ያጣል። ከተሜ ነውና ሳይነሣ ከቀረ ደግሞ ይዋረዳል። ሁለቱም ይስማማኛል። ቅዳሜ ዕለት የእትዬ የሺ ንስሐ አባት መምሬ ጥበቡ ዘንድ ሄጄ፣ «እትዬ የሺ ሊያዩዎት ይፈልጋሉ» አልኋቸው። ማንም አልላከኝም።

አሥር ሰዓት ላይ መጡ። ጉዱ እንዳያመልጠኝ ዓይኔን ዳኜ ላይ ተከልሁ። ዳኜ «ኖር አባ!» ብሎ እንደ ጥይት ተነሣ። መስቀል ተሳለመ። አጎዛውን አራግፎ አስቀመጣቸው። ታዲያ በዚያ ቤት ተቀምጦ የቀረው ማን ይመስልዎታል?

«መምህር!» አሉ እትዬ የሺ። «አባ ገብተው እርስዎ ተጎልተው?»

ደንግጬ ስነሣ በእጄ የያዝሁትን ጠላ ደፋሁት።

«ተዪው፣ ደክሞት ይሆናል» አሉ መምሬ። ቀጥለው ዳኜን፣ «አንተ ልጅ፣ ና እዚህ አጠገቤ። የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የኔ ነው አባ» አሉ እትዬ የሺ፣ «መውለዱን ሌላ ሰው አገዘኝ እንጂ።»

ይኸውና ዳኜ በምርቃት ተመልሶ ተቀመጠ። የኔ ቦታ በጠላ ርሷል። በሩን ተደግፌ ቆምሁ። ነፋሱ ጀርባዬን ይገርፈኛል። ዳኜ ዞር ብሎ አየኝ። ተነሣና እትዬ የሺ የሰጡትን የበግ ጠጉር ባና ከትከሻው አውርዶ፣ «ጋሼ፣ በሩ ላይ ይበርዳል» ብሎ አለበሰኝ። መምሬ እንደገና መረቁት።

አውልቄ ልወረውረው አሰብሁ። ሞቀኝና ተውሁት። እስከዚያች ቀን ያልቀናሁበት ነገር ቢኖር ደግነቱ ነበር። እሱንም ጨመርሁት።