ሄደ ወይስ መጣ?

እኛ ሴሚናሪ ውስጥ ሰው አይሞትም። እንዳትስቁ፤ የምሬን ነው። ከአጥሩ ማዶ፣ ጀሞም ሆነ ፉሪ፣ ሰው እንደ ሰው ይሞታል። እኛ ዘንድ ግን «አንቀላፋ» ነው፣ «ተጠራ» ነው፣ «ሩጫውን ጨረሰ» ነው፣ ሲበዛ ደግሞ «ወደ ጌታ ሄደ» ነው። «ሞተ» የሚለውን ግስ የምናውቀው በግሪክኛ ብቻ ነው። በግሪክኛ ግስ ደግሞ፣ ራሴን ማመስገን እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ከክፍሌ የሚስተካከለኝ አልነበረም።

ታደለ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነው። ከከምባታ የመጣ፣ እግሩ ከአልጋው የሚተርፍ፣ ድምፁ ግን ለራሱም የማይሰማ ልጅ። ረቡዕ ጠዋት ጸሎት ቤት ተሰብስበን መሪው «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ርዕሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አባቱ ወደ ጌታ ቤት እንዲመለሱ፣ በእኛ አነጋገር «ወደ ጌታ እንዲመጡ»።

አባቱ ለምን ራቁ? ክህደት እንዳይመስላችሁ። የአጥቢያቸው ሽማግሌ ነበሩ። ምእመናኑ አዋጥተው ለቤተ ክርስቲያኑ ስፒከር ገዙና አፉን በቀጥታ ወደ እሳቸው ቤት አዙረው ሰቀሉት። «አዙሩልኝ» አሉ። አልዞረም። «እግዚአብሔር ጆሮው ደህና ነው፤ እቤቴ ሆኜ ይሰማኛል» ብለው ቀሩ። ስለ ቤተ ክርስቲያን መከፋፈል እዚህ ወፋፍራም መጻሕፍት እናነባለን፤ ስለ ስፒከር የሚናገር ግን አንድም አላገኘሁም።

እንግዲህ አንድ ረቡዕ ታደለ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ዘመድ ቤት አድሮ ሲመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ስልክ ይደወልለታል። የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ይጮሃል፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። አጎቱ መርዶ በስልክ ማርዳት ነውር መሆኑን ያውቃሉና ነገሩን በመንፈሳዊ ቋንቋ ጠቅልለው ሰጡት፦ «አባትህ ወደ ጌታ ሄደ። ድንኳን ተተክሏል። ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል። በርታ፤ ቶሎ ና።»

አሁን እናንተ ፍረዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ድንኳንና ልቅሶ ሲባል እዚያው ታክሲ ውስጥ እሪ ይል ነበር። እኛ ግን የመንፈሳዊ ኮንፈረንስ ሰዎች ነን! ድንኳን የምንተክለው ለኮንፈረንስ፣ የምናለቅሰውም ለንስሐ ነው። ታደለ እየሮጠ ጸሎት ቤት ገባና፣ ርዕስ ያለው ሳይባል፣ «አባቴ ወደ ጌታ ሄደ!» ብሎ ጮኸ። ያ ድምፅ የሌለው ልጅ። የአጎቱንም ቃል አንድ በአንድ ደገመልን፤ ድንኳኑ ጋ ሲደርስ እንባው መጣ።

ሃሌሉያው ጣሪያ ሊያነሳ ደረሰ። እልልታ፣ ጭብጨባ። ያ ረጋ ያለው ሉተራናዊ ሥርዓታችን የት እንደገባ እንጃ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ማንም ሳያዘው የምስጋና መዝሙር ጀመረ። ታደለን ቀድሜ ያቀፍኩት እኔ ነኝ።

አብረውን ያልዘመሩት ሥርዓተ አምልኮ የሚያስተምሩን አዛውንት ቄስ ብቻ ነበሩ። መዝሙሩ ሳያልቅ ክንዴን ይዘው ሳቡኝና፣ «ልጄ፣ አጎትየው ያሉት ‹መጣ› ነው ‹ሄደ›?» አሉኝ። ግስ ተጠይቄ ዝም የምል ሰው ነኝ እንዴ? «ሄደ!» አልኩ፣ በኩራት። ራሴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ቄሱ ወጥተው ለአጎትየው ደወሉ። ተመልሰው ታደለን ከመካከላችን ይዘው ወጡና ደረጃው ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው መርዶውን አረዱት። ኪቦርዱ ዝም አለ። ታደለ መጀመሪያ አላለቀሰም። ዞሮ በሩ ላይ የቆምነውን አየንና፣ «ሃሌሉያ ብላችኋል እኮ!» አለን። ያን ያህል ሃሌሉያ ከተባለ በኋላ ሰው ሊሞት የማይችል ይመስል።

ቄሱ ራሳቸው አገሩ ድረስ ይዘውት ሄዱ።

ከሐዘን ተመልሶ ጸሎት ቤት የገባው ረቡዕ ቀን ነበር። መሪው በልማድ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። ታደለም በልማድ ተነስቶ ቆሟል። ርዕስ የለውም። ቆመ፣ ቆመና «አባቴ ሞተ» አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ያንን ግስ በአማርኛ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስትጸልይለት የከረመች አንዲት እህት ከኋላ በቀስታ፣ «ቤተ ክርስቲያን ሳይገቡ?» አለችው።

«ገባ» አላት። ከዚያ ግሱን አረመው። «አስገባነው። ስፒከሩም ዞሯል።»