ከመዝገብ ቤት ይዘነው የወጣነው ስም

እንግሊዞች በቤተሰብ ስማቸው ሲኮሩ ያየ ሰው ከሰማይ የወረደላቸው ይመስለዋል። የለም! ስንቱ የተለቀመው ከፍርድ ቤት መዝገብ ነው። በመካከለኛው ዘመን ጸሐፊያቸው ክሱን በላቲን ሲጽፍ ይቆይና የተከሳሹ መጠሪያ ላይ ሲደርስ ላቲኑ ያልቅበታል። ያኔ ባየው ይሰይመዋል፤ ሚዛን ያጎደለ ዳቦ የሸጠውን "ጋጋሪው"፣ እግሩን የሚጎትተውን "አንካሳው" ይለዋል። ብዙ የእንግሊዝኛ ቃልም መጀመሪያ በጽሑፍ የታየው እንዲህ ዳኛ ፊት ቆሞ ነው።

ይህን የማውቀው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበርኩ ነው። አገሬ እርስ በርሷ መታኮስ ስትጀምር ድንበር ተሻግሬ ሀርጌሳ ከተማ ገባሁ፤ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ለሚሠራ ፎቅ ድንጋይ እሸከማለሁ። እውቀቴን የሚሸከምልኝ ግን አጣሁ። ባለቤቴ ሙሉ ሰልችቷታል። ሼክ ኑር ሰፈር ቤት ያከራዩን እትዬ ሃዋም በእነሱ ጦርነት ጊዜ እኛ አገር ተሰደው አማርኛ ስለለመዱ፣ ወሬዬን በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ሳይወዱ ይሰሙታል።

እኚሁ ሴት አንድ ቀን፣ ባልና ሚስት መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት እስከ አርብ ካላመጣችሁ ቤቴን ልቀቁ አሉን። የውሸት ወረቀት ስለበዛ አጣርቼ ነው የማየው ሲሉም አስጠነቀቁ። የጋብቻ ወረቀታችን ከቤታችን ጋር ተቃጥሏል።

ስደተኞች የሚመዘገቡበት ቢሮ ሄድን። ጸሐፊው፣ እሱም በልጅነቱ እኛ ዘንድ ስደተኛ የነበረ ሰው፣ የቤተሰብ ስማችሁ አንድ ካልሆነ ፎርሙ ባልና ሚስት አይላችሁም አለ። የእኔ የአባቴ፣ የእሷ የአባቷ! ያንተ ሚስትስ በማን ትጠራለች ብዬ ብጠይቀው፣ በአባቷ፣ ግን ፎርሙን ያወጡት ፈረንጆች ናቸው አለኝ። አያችሁልኝ? አገር ቤት ኬላ ላይ የአባቴ ስም ሊያስገድለኝ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ያው ስም ሚስቴን አያሰጠኝም።

አንዱን ስም መርጦ መገላገል ይቻል ነበር። ሙሉም እግሬን እየረገጠች፣ የእሱን አባት ይጻፉልኝ አለች። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ደግሞስ ተማሪ ካጣሁ ስንት ወር ሆኖኝ፣ ጸሐፊን የሚያህል ሰው ፊቴ ተቀምጦ ዝም ይባላል? መዝገቡን ከጋጋሪው ጀምሬ ዘረገፍኩለት። እንግሊዞች ራሳቸው ያኔ አባትና ልጅ እንኳ በተለያየ ስም ይጠሩ እንደነበር አስረዳሁት። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። ጸሐፊው በትዕግሥት ሰማኝና፣ እንግዲህ ጸሐፊ ያየውን ይጽፍ ነበር ማለት ነው? አለኝ። በትክክል! አልኩት፣ ጎበዝ ተማሪ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ። ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ፣ ቀጣይ! አለ።

ደጅ ወጥተን አነበብኩት። ባልና ሚስት ይላል። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ በጥሩ እንግሊዝኛ "ለፍላፊ" ተብሎ ተጽፏል። ቢሮ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ የተናገረችው ሙሉ ለፍላፊ ሆና ወጣች። እስከ ሼክ ኑር አላናገረችኝም።

እኔ እትዬ ሃዋ ይህ ቀልድ ነው ብለው እንዳያባርሩን ፈርቻለሁ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና የስሙን ትርጉም ጠየቁ። ሙሉ ደስ እያላት ነገረቻቸው። እትዬ ሃዋ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያም፣ ይሄስ እውነተኛ ወረቀት ነው አሉ።