ሰበታ የሾመችው ዶክተር

አንባቢ ሆይ፣ ንጉሥ ሳያውቀው ሹመት በሹመት ላይ የሚያገኝ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ሰበታ ላይ ገጥሞኝ እስከ ዛሬ አንጀቴ እርር ይላል።

ጎረቤቴ በቀለ የክሊኒኩን ወለል ይጠርግ ነበር። ቀጥሎ መርፌ ቀቃይ ሆነ። ቁስል ማሰር ሲለምድ ደግሞ ድሬሰር ተባለና ነጭ ጋዋን ለበሰ። ከዚያ ወዲያ ገበያተኛው ራሱ «ዶክተር» ብሎ ሾመው። በእኛ ሰፈር ኪኒን የሚሰጥ መካሪ ነው፤ ሐኪም የሚባለው የሚወጋው ነው።

እኔስ? ግጥም ስጽፍ ስንት ክረምት አለፈ፤ ማዕረጌ ግን ያው «ሥራ ፈቱ» ነው። ባለፈው ሰርግ ላይ የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ጉደታ ለበቀለ ከወንበራቸው ተነሡለትና ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ለዶክተሩ ጠላ ቅዳለት!» አሉኝ። ቀዳሁለት። «ዶክተር» ግን በሕይወቴ ላልለው ማልኩ።

ምን ያደርጋል! መቀመጫዬ ላይ እባጭ ወጣብኝና ክሊኒክ ሄድኩ። ተረኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ እንደቆምኩ፣ በቀለ መርፌውን ወደ ላይ ይዞ ፊጭ ሲያደርገው አየሁ።

«ዶክተር፣ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ!»

«ኧረ ዶክተር አትበለኝ» አለ እየሳቀ። «ድሬሰር መሆኔን አንተ እንኳ ታውቃለህ።»

ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ! ለአገሩ ሁሉ ላዳርሰው እያነከስኩ ስወጣ ኦቦ ጉደታን ደጅ ላይ አገኘኋቸው።

«ዶክተሩ አለ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ግን አስቡት፣ እኔን የሚያህል ገጣሚ የወጋው ተራ ድሬሰር ነው ይባል?

«አሉ» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ። «እኔንም አሁን የወጉኝ እሳቸው ናቸው።»