የክብደትና የፍጥነት ሊቅ፣ ክቡር አቶ ቀጸላ

በየትኛውም የፈረንጅ አገር አራት ሐበሻ በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ አንዱ የግድ ሌሎቹ ያላዩትን ነገር አይቶ የመጣ ሰው ነው። ያየው ነገር አንድ ብቻ ቢሆንም ይበቃዋል። በዚያ አንድ ነገር ሰውን ይመዝናል፣ መንግሥትን ይተቻል፣ የወጡን ጨው ሳይቀር ይፈርድበታል። ስቶክሆልም ለነበርነው ተማሪዎች የደረሱን ክቡር አቶ ቀጸላ ናቸው። ሁለት ዓመት አሜሪካ ተምረው፣ ትምህርቱ ተቋርጦባቸው፣ መንገድ ሥራ ሊማሩ ወደኛ ሲመጡ ይዘውት የመጡት የአሜሪካን እግር ኳስ ነው። በጽሑፍ አንቱ የምላቸው ለማዕረጋቸው ስል ነው እንጂ ፊት ለፊት አንተ ነበር የምንባባለው።

ይህን ጨዋታ ከመካከላችን ያየው አልነበረም። ስሙ እግር ኳስ ይሁን እንጂ ኳሱን በእጅ ይዘው ነው የሚሮጡት፤ ኳሱም የዕንቁላል ቅርጽ አለው። ክቡርነታቸው ግን ለጨዋታው በሙሉ ግድ አልነበራቸውም። የሚያስጨንቋቸው የፊት መስመር ተከላካዮች ብቻ ነበሩ፤ እነዚያ ጎንበስ ብለው በአንድ ረድፍ የሚቆሙት፣ ሥራቸው ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው ገፍቶ አልፎ ኳስ የያዘውን መጣል የሆነው። ጥያቄያቸውም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ቦታ ሰው ሲመርጡ ግዙፉን ይውሰዱ ወይስ ፈጣኑን የሚል ነበር። የዩኒቨርሲቲዎቹ ጭንቀት እኛ እስከምንሰበሰብበት የስቶክሆልም ሰፈር፣ ብሬዴንግ ድረስ መጥቶ የእኛን ምሳ ለምን እንደሚያበርደው የሚያስረዳን ሰው አላገኘንም።

የራሳቸው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ኪሎውን ተዉትና አነሳሱን አሳዩኝ» ይላሉ፤ አነሳስ የሚሉት ከጎንበስታው ቀድሞ መፈናጠርን ነው። ስዊድን የመኪናውን መንገድ ከግራ ወደ ቀኝ ያዛወረች ዕለት አገሩ በሙሉ ወጥቶ ጉድ ሲያይ፣ እሳቸው አውቶቡሶቹን ገልመጥ አድርገው «አካል አለ፤ አነሳስ የለም» ብለው አለፉ። አንድ ቀን ደግሞ ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በሩን ሲከፍት ሁላችንንም ቀድማ ገብታ ወንበር የያዘች አሮጊት አዩና «እቺን ሴትዮ መስመር ላይ ብታቆማት ማንም አያልፋትም» አሉኝ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከልባቸው ነበር። አሮጊቷ ሲያዩዋት ጊዜ ፈገግ አለችላቸው።

ጽጌ የምትባል ምላሷ የማይቻል የነርስ ተማሪ ነበረች። እሑድ እሑድ እሷ ጋ ነበር ምሳ የምንበላው። አንድ ቀን «ጋሽ ቀጸላ፣ ለመሆኑ እኔን የት መደብከኝ?» አለቻቸው።

«አንቺ ኪሎም አለሽ፣ አነሳስም አለሽ። መሐል ነው የማቆምሽ» አሉ።

ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም። ጽጌ ግን ኪሎ የሚለውን ብቻ ነው የሰማችው። በሚቀጥለው እሑድ ለሁላችንም ሥጋ ሥጋውን ስታወጣ ለእሳቸው አጥንቱን አወጣችላቸው።

ክርክሩን በሰው ማሳየት ሲያስፈልጋቸው ሁለት ምስኪኖች ነበሯቸው። አንደኛው ኃይለ ልዑል ነው፤ ደን የሚያጠና፣ በር ሲገባ ክፍሉ የሚጨልም፣ እንደ ጠቦት ገራም ሰው። ሁለተኛው ግርማቸው ነው፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሃግሴትራ ከሚባለው ሰፈር አርፍዶ እየሮጠ የሚመጣ። ክቡርነታቸው ምሳ መሐል ሳይታሰብ ማንኪያ መሬት ይጥሉና ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ያያሉ። ሁልጊዜ ግርማቸው ይቀድማል። ጽጌ ድስቱን ይዛ ብቅ ያለች ጊዜ ግን ኃይለ ልዑል ይቀድመዋል። ይህ ነገር ሰውየውን ለአንድ ሳምንት ያህል ሲያሳስባቸው ሰነበተ።

እውነቱን ለመናገር ሰልችተውኝ ነበር። በሩቅ ካየኋቸው ሌላ ፉርጎ ውስጥ እገባ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሳላመልጥ ቀረሁና ጎን ለጎን ተቀመጥን። እንዲያው ለወጉ ያህል «አንተ ስትጫወት ከየትኞቹ ነበርክ? ከከባዶቹ ነው ከፈጣኖቹ?» አልኳቸው።

«ከሁለቱም አልነበርኩም» አሉ። «በመጀመሪያው ዓመት አሰልጣኙ ክብደት ነበር የሚፈልገው። ፈጣን ነህ፣ ግን ቀላል ነህ አለኝ። ክረምቱን በሙሉ ስበላ ከረምኩ። ድንችና ወተት እያቅለሸለሸኝ እውጥ ነበር። ወፍሬ ስመለስ ሰውየው ሐሳቡን ለውጧል። ለካ እኔ ስበላ እሱ ቀላልና ፈጣን ልጆች ባሸነፉት ግጥሚያ ሲብሰለሰል ነው የከረመው። አሁን ደግሞ ከባድ ነህ አለኝ።»

«ታዲያ ሜዳ ገብተህ አታውቅም?»

«ለልምምድ ገብቻለሁ። ለግጥሚያ አንድም ቀን አልገባሁም። ነጻ ትምህርቱ የተሰጠኝ ለጨዋታው ስለነበር አብሮ ቀረ። ሰውየው ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ለማንም እንዳትነግር አላሉኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ክቡርነታቸው ማለቱ አላስኬደኝም፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ቀጸላ ብቻ እለዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ለአንድ ዓመት ትምህርት የመጡ አሜሪካኖች ጌርዴት የሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወቱ ነበር። ተጋጣሚ አጥተው ስዊድኖቹን ቢጠይቁ በትሕትና እምቢ አሏቸው። ቀጸላ ይህን ሰማና እኛን ሳያማክር እሺ ብሎ መጣ። ፊሽካ ገዛ። ብሬዴንግ በአዲሶቹ ፎቆች መሐል ባለው ሣር ላይ ጎንበስ አድርጎ ሲያስነሣን የሰፈሩ ሰዎች በረንዳ ላይ ቡና ይዘው ያዩን ነበር። እኔ በመነጽሬ ምክንያት የመስመር ዳኛ ተደረግሁ።

«ጋሽ ቀጸላ፣ አንተስ አትሰለፍም?» ብሎ ግርማቸው ጠየቀው።

«አሰልጣኝ አይሰለፍም» አለ።

ሌሎቹ ኩራት መሰላቸው። እኔ ግን ምን እንደሚፈራ አውቅ ነበር። ከሜዳው ውጭ እስከቆመ ድረስ ያ የአሜሪካው አሰልጣኝ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

የግጥሚያው ቀን በመስመራችን ላይ ያልጠበቅነው ችግር ደረሰ። ኃይለ ልዑል ከፊቱ የቆመውን አሜሪካዊ በትከሻው ነካ ቢያደርገው ሰውየው ተዘረረ። መንገዱ ተከፈተ፤ ኳስ የያዘው ልጅ እፊቱ ቆሟል። ኃይለ ልዑል ግን «እኔን፣ እኔን» እያለ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን አነሣው፣ ሣሩንም ከጀርባው አራገፈለት። ኳስ ያዡ በአጠገባቸው ሮጦ ነጥቡን አስቆጠረ። ቀጥሎ ግርማቸውና ኃይለ ልዑል አንድ ክፍተት ላይ እኩል ደረሱ። «አንተ ቅደም» አለ ግርማቸው። «ኧረ በፍጹም፣ አንተ ቅደም» አለ ኃይለ ልዑል። ሁለቱም ሳይቀድሙ ክፍተቱ ተዘጋ።

በእረፍቱ ላይ ቀጸላ ሰበሰበን። «የወደቀውን ፈረንጅ ተዉት። ጓደኞቹ ያነሡታል» አለ።

«ሰው ወድቆ እያየሁ እንዴት አልፌው እሄዳለሁ? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?» አለ ኃይለ ልዑል።

«እናትህ የት ናቸው?»

«ደብረ ማርቆስ።»

«ማንም አይነግርባችሁም። እለፉ።»

ማለፍ የቻለ አልነበረም። ሽንፈቱ እየከፋ ሄደ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ግርማቸው እግሩ ዞረ። ጽጌ በሻርፗ ጠበቅ አድርጋ አሰረችለትና ዳር አስቀመጠችው። የሚተካው ሰው አልነበረንም። ሁላችንም ወደ ቀጸላ ዞርን።

ኃይለኛ ንፋስ ነበር። ቀጸላ ፊሽካውን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየ። «አሰልጣኝ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

ጽጌ አጠገቡ ሄደች። «ጋሽ ቀጸላ፣ ኮትህን ስጠኝ» አለችው፤ ያለ ምንም ቀልድ። ኮቱን አውልቆ ሰጣት፤ ፊሽካውን ለእኔ አቀበለኝና ገባ።

ፊት ለፊቱ የቆመው ራስል የሚሉት ግዙፍ ልጅ ነበር። በመጀመሪያው አነሳስ ራስል በሁለት እጁ ገፍቶ በጀርባው ጣለው። በሁለተኛው ቀጸላ ቀድሞ ተነሣ፤ ግን ወደ ጎን ሄዶ ሰው አጣ። ተመልሶ ሲቆም ፊቱ በጭቃ ተሸፍኗል፣ እስትንፋሱ እኔ ካለሁበት ይሰማል። እኔ ዳኛ መሆኔን ረስቼ «በርታ ቀጸላ» እያልኩ ነበር። ገብቶ ይገላግለን ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ እንዲሳካለት እለምን ነበር።

በሦስተኛው ማንም ሳይንቀሳቀስ እሱ ተነሥቶ ነበር። ያን የሚያህል ሰውነት እንደዚያ ሲነሣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ራስል እጁን ሳይዘረጋ ቀጸላ ትከሻው ሥር ገባ፤ ያ በድንችና በወተት የመጣ ክብደት በሙሉ አብሮት ገባ፤ ራስል ዞሮ ወደቀ። ቀጸላ ወደ ኋላው አላየም። ኳስ የያዘው ልጅ ለመሮጥ አንድ እግሩን እንዳነሣ ይዞት ሣሩ ላይ ተኛበት።

ጨዋታው በዚያው አለቀ። የተሸነፍነው በማይወራ ልዩነት ነው፤ ልጆቹ ግን ያሸነፉ ይመስል ይጮሁ ነበር። እኔ ተጎድቶ እንደሆነ ብዬ ሮጬ ደረስኩ። ቀጸላ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልጁን እንዳቀፈ፣ ከነጭቃው ተኝቷል።

«ምን ሆንክ? ተመታህ እንዴ?» አልኩት።

«ምንም አልሆንኩም» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ትንሽ እዚህ ልቆይ።»

ከሥሩ ያለው አሜሪካዊ አንገቱን እንደምንም አወጣና አሁን መነሣት ይቻል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። እኔም እንደ ዳኛነቴ፣ ገና ነው፣ ትንሽ ታገሥ አልኩት።