«እኔ ልክፈል!» ባዩ ባለቤቴ

«እኔ ልክፈል!» እያለ የሰው እጅ የሚጠመዝዝ ሰው እናንተ ቤት የለም? እኛ ቤት አለ፤ ባለቤቴ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሬክስዴል ሰፈር ካለ ምግብ ቤት ከወዳጆቻችን ጋር እንበላለን፤ እሱ ግን ሲበላ ዓይኑ ከአስተናጋጇ አይነቀልም። ሂሳቡን ማንም ሳይቀድመው በክሬዲት ካርዱ ይከፍላል። ለካርዱስ? በየወሩ ባንኩ የግድ የሚላትን ትንሿን ክፍያ፣ ሚኒመሟን ብቻ! ወለዱ ከልጆቻችን ፈጥኖ አደገ።

ጸልዬ ጸልዬ፣ «ዕዳው እስኪያልቅ ከሚኒመሙ በላይ እንክፈል፤ አንተም እጅህን ሰብስብ» አልኩት። ዙፋኑን እንደሚለቅ ንጉሥ ተንፍሶ እሺ አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ሂሳብ መጣ። ባለቤቴ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ከተተ።

«አመመህ እንዴ?» አሉ ወዳጃችን ጋሽ ታደሰ።

«ዕዳ አለብኝ። ዛሬ እርስዎ ይክፈሉ።»

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ተመስገን! አሥር ዓመት ሙሉ በረከቱን ለብቻህ ስትወስደው ኖረሃል!» ከፍለው ሲያበቁ ሌላ ጥብስ አዘዙ።

በዓመቱ ዕዳው አለቀ፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ጥብስ ነው። ዓይኑን ሳህኑ ላይ አድርጎ የበላው የመጀመሪያው ምግብ ነዋ!