በሐራጅ የገዛሁት የአቶ ላፌቦ ቤት

ሰው ቤት ሲገዛ «እንኳን ደስ ያለህ» ይባላል አይደል? እኔ ቤት የገዛሁ ሰሞን ግን ያገኘኝ ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ነበር የሚለኝ። አንዷ ጎረቤቴማ ጭራሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ደንግጬ «ማን ሞተ?» አልኳት። «ገንዘብሽ» አለችኝ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ ሆሳዕና የመጣሁት ለማስተማር ነው። አስራ አንድ ዓመት አስተማርኩ፣ አስራ አንድ ዓመት በኪራይ ቤት ኖርኩ። በነዚያ ዓመታት ስንት አከራይ እንዳየሁ አትጠይቁኝ። አንዱ እንግዳ አታምጪ ይላል። አንዷ ፋኖስሽን በጊዜ አጥፊ ትላለች። የመጨረሻው ደግሞ «እኔ ያከራየሁሽ ባል እስክታገቢ ነው እንጂ እስክትሸብቺ አይደለም» ብሎ አልጋዬን ወደ ግቢ አወጣልኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ባል አጥቼ እንዳይመስላችሁ። የመጡትን በደንብ አይቼ ነው የመለስኳቸው። ለማንኛውም፣ ያን ዕለት አልጋዬ ላይ፣ ደጅ ተቀምጬ ማልኩ። ከእንግዲህ ቁልፉ የራሴ ካልሆነ ቤት አልገባም አልኩ።

በዚያው ወር የአቶ ላፌቦ ቤት ለሐራጅ ወጣ።

አቶ ላፌቦ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ከዱራሜም ከዶዮገናም ቆዳ ይሰበስባሉ፤ ሲራመዱ መንገዱን ለብቻቸው የተከራዩት ነው የሚመስለው። ታዲያ ንግዱን እናሳድግ ብለው ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩ። ንግዱ አላደገም። አበዳሪው ከሰሰ፣ ፍርድ ቤቱ ፈረደ፣ ማስታወቂያው በር ላይ ተለጠፈ።

ከተማው ሁሉ ማስታወቂያውን አነበበው። የሚገዛ ግን የለም። ግማሹ ዘመድ ነው። ግማሹ ይፈራቸዋል። የቀረው ደግሞ ሰው በተባረረበት ቤት የሚገባ ሰው ልጁ አያድግለትም ብሎ ያምናል። እኔ ዘመድ አይደለሁም። ልጅም የለኝም። ፍርሃቱ ግን ነበረኝ፣ ለምን እዋሻችኋለሁ። ቢሆንም ሄድኩ።

የሐራጁ ዕለት አቶ ላፌቦ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው የፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። የሚገባውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ብቻ ያያሉ። ለመጫረት የመጣው ሁሉ እሳቸውን ሲያይ ሌላ ጉዳይ ትዝ ይለዋል። አንዱ በሬ ጠፍቶብኛል አለ፣ አንዱ ለቅሶ አለብኝ አለ። በመጨረሻ እኔ ብቻ ቀረሁ። እጄን አወጣሁ።

ጸሐፊው በእኔ ላይ አሻግሮ ከኋላዬ ማን እንዳለ ተመለከተ። ከኋላዬ ግድግዳ ነው ያለው።

«ማንን ወክለሽ ነው?» አለኝ።

«ራሴን።»

«የውክልና ወረቀትሽስ?»

«ይኸው» ብዬ ደረቴን መታሁለት። ዳኛው አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ሳቃቸውን ነው የሸፈኑት።

ቤቱ የእኔ ሆነ። ስወጣ አቶ ላፌቦ እዚያው ቆመዋል። «መምህርት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ቤቱንስ ወሰድሽ። ክረምቱን ግን አትወጪውም።»

«እናያለን ጋሼ» አልኳቸው። ድምፄ ጥሩ ወጣልኝ። ጥጉን ዞሬ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ስለ ቤቱ። ከመንገድ ለሚያየው የተከበረ ቤት ነው፤ ባለ ቆርቆሮ፣ ባለ በረንዳ። እኔም ያየሁት ከመንገድ ነበር። በሩን ስከፍተው በሩ ራሱ እጄ ላይ ቀረ። አቅፌው ገባሁ። መሃል ምሰሶውን በቁልፌ ነካ ባደርገው ቁልፉ እስከ ጭራው ጠለቀ፤ ምስጥ ከውስጥ ጨርሶታል፣ የቆመው በቀለም ነው። የጓሮው ግድግዳ እንደ ነፍሰ ጡር ወደ ፊት ገፍቷል። ጣሪያውንማ አታንሱት። ወለሉ ላይ ተጋድሜ ሽቅብ ሳይ በቀን ኮከብ ይታየኛል፣ ያ ሁሉ የሚስማርና የዝገት ቀዳዳ ነው። ወንድሜ ከአንጋጫ መጥቶ አየውና ተመልሶ ሄደ። ለእናቴ «አብዳለች» ብሎ ነገራት አሉ።

የከተማውን አናጢዎች ለመንኩ። ሦስቱም ሥራ በዝቶብናል አሉ። ሁለቱን በዚያው ቀን ጥላ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ አገኘኋቸው። ገባኝ። አቶ ላፌቦ ቀድመው አናግረዋቸዋል ማለት ነው። ታዲያ እኔ የት ልሂድ? በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሺንሺቾ ወረድኩ። እዚያ ጋሽ ከድር የሚባሉ አናጢ አሉ፤ ማንንም የማይፈሩ፣ ከማንም ጋር የማይስማሙ። እንደዚህ ያለ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ።

መጡ። ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሩት። ቆባቸውን አወለቁ።

«እህቴ፣ ይሄ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው የሚያዋጣው።»

«አላፈርስም።»

«ለምን?»

«ሲፈርስ ለማየት ደጅ የተቀመጠ ሰው ስላለ።»

ጋሽ ከድር መንገዱን አሻግረው አዩ። እውነትም ሦስት የአቶ ላፌቦ ዘመዶች አጥር ተደግፈው ይመለከቱናል። ጋሽ ከድር ቆባቸውን መልሰው አጠለቁና «እንግዲያው መጋዝ አምጪ» አሉ።

ምሰሶውን ለወጥን። የጽድ ግንድ ከዶዮገና በኩል በመኪና መጣልን። ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ደግፈን የበሰበሰውን ስናወጣ ቤቱ እንደታመመ ሰው አቃሰተ፤ እኔም አብሬው አቃሰትኩ። የጓሮውን ግድግዳ ማገሩን በቃጫ አስረን እንደገና አቆምነው። ጭቃና ጭድ በእግሬ አቦካሁ። ጠዋት ፊደል አስቆጥራለሁ፣ ከሰዓት ጭቃ እረግጣለሁ። ተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚያዩት ጭቃ የማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አልሳቁም። ቢስቁ ኖሮ እንጃ።

ጣሪያው ላይ ስንደርስ ጉድ መጣ። የጋሽ ከድር ጉልበት መሰላል አይወጣም፤ ታች ሆነው ነው የሚያዙት። ለጣሪያው የቀጠርናቸው ሁለት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ጠዋት ሳይመጡ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ መናገር ያስፈልጋል? ሰማዩ በዱራሜ በኩል ጠቁሯል። ቆርቆሮው መሬት ላይ ተከምሯል። ጋሽ ከድር እኔን ያያሉ፣ እኔ መሰላሉን አያለሁ።

ገባሁና ወንድሜ ጥሎት የሄደውን የካኪ ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለብሼ በመሰላሉ ወጣሁ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው እንግዲህ! ከየገጠሩ የመጣው ሁሉ በደጄ ነው የሚያልፈው። ቆጮ የተሸከመ ቆመ። በግ የሚጎትት ቆመ። በጉ ራሱ ቆመ። «ጡማ!» ብለው በሀድይኛ ሰላም ከሚሉኝ ሽማግሌዎች አንዱ ዛሬ ሰላምታውን ትተው በዱላቸው ወደ ላይ ጠቆሙኝ።

«አንቺ መምህርት! ውረጂ! ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ትወጣለች እንዴ?»

አፌ ሚስማር ሞልቷል። አንድ በአንድ መዳፌ ላይ ተፋሁትና «አባባ፣ ዝናቡ ሴት ናት ብሎ ይለፈኝና እወርዳለሁ!» አልኳቸው።

ሕዝቡ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለ ልከኛ አለባበስ ረጅም ትምህርት ተሰጠ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ ቀና ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ እያየሁ ነበር። እሱም ጥገና ያስፈልገዋል።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮውን ጨርሻለሁ፣ ሚስማሩን በሬንጅ ደፍኛለሁ። አሁን ይመጣል እንጂ ምን አባቱ ያደርገኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያንጠባጥባል! መሃል ቤት፣ ልክ ከአልጋዬ በላይ። ወጥቼ ደፈንኩ። ያንጠባጥባል። ቆርቆሮ ደረብኩ። ያንጠባጥባል። ድስት፣ ሳፋ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ያለኝን ሁሉ ደረደርኩ። የአቶ ላፌቦ ዘመድ በደጅ ሲያልፍ «እንዴት ነሽ መምህርት?» ይላል ጥርሱን ገልጦ። «በጣም ደህና!» እላለሁ ፀጉሬን እየጨመቅኩ። ካለፈ በኋላ ግን አለቀስኩ። አስራ አንድ ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ በዚያ ሳፋ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ነበር የሚሰማኝ።

እንዲህ እያለሁ ነው አንድ ቀን በር ላይ ጃንጥላ የያዘች ሴት የቆመችው። ወይዘሮ ታደለች፤ የአቶ ላፌቦ ሚስት! ለጠብ የመጣች መሰለኝና መዶሻዬን አነሳሁ። እሷ መዶሻውን አላየችም። ሳትጠየቅ ገባች፣ ጃንጥላዋን አጠፈች፣ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«በዚህ አይደለም የሚገባው» አለች።

«ምኑ?»

«ውሃው። የሚወርደው እዚህ ነው፤ የሚገባው ግን በዚያ፣ በእንሰቱ በኩል ካለው ጥግ ነው። በጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ እየተንሸራተተ መሃል ቤት ይመጣል። አንቺ የምትደፍኚው ደህናውን ነው።» ከዚያ ሳፋውን በእግሯ ትንሽ ገፋ አደረገችው። ጠብታው ልክ መሃሉ ላይ ወደቀ። «አስራ ስድስት ዓመት ሳፋ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሱ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየውም።»

ለምን ትነግሪኛለሽ አልኳት። የሚስማሩ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ባሏ ቤቱን ሲያስይዝ አልነገራትም። ያወቀችው የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ የመጣ ዕለት ነው። እንግዳ መስሏት ወንበር አቀረበችለት፣ ምሳ አበላችው። በልቶ ሲጨርስ ወረቀቱን አወጣ።

«ቤቴን የወሰድሽብኝ አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። «አንቺ ስትመጪ ተወስዶ አልቋል። ልጆቼን የወለድኩት ግን በዚያ ክፍል ነው። እሱ እንዲወድቅ ይጸልይ፤ እኔ ሲወድቅ ማየት አልችልም።»

መዶሻውን አስቀመጥኩ። አብረን ትንሽ አለቀስን፣ ከዚያ ሳፋውን ደፋን።

በማግስቱ መጣች። እሷም ሱሪ ለብሳ! የማንን ሱሪ እንደለበሰች አልጠየቅኩም፤ ሰፊነቱ ይናገራል። ሁለታችን ጣሪያው ላይ ወጣን። የእንሰቱን ጥግ ገለጥን፤ እውነትም እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ! ጋሽ ከድር ከታች «ወደ ግራ! ግራ ማለት በዚያ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። ከተማው እኔ ብቻዬን ስወጣ ስቆ ነበር። የላፌቦ ሚስት ስትወጣ ግን ሳቁ ቆመ። እኔ እብድ ነኝ፤ እሷንስ ምን ይበሏት?

ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ቀን ሊያስታርቁን መጡ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታደለች ከላይ አንገቷን አውጥታ «ማንና ማን ተጣሉ?» አለቻቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትንሽ ስለ ዘንድሮ እህል አውርተው ሄዱ።

ክረምቱ እስኪወጣ አንዲት ጠብታ አልገባም። ታደለች ከነሴት ልጆቿ የጓሮውን ሁለት ክፍል ተከራየችኝ። አቶ ላፌቦ ግን «የተቀማሁትን ደጅ አልረግጥም» ብለው ወንድማቸው ቤት ቀሩ።

መስከረም ላይ ረገጡት። አንድ ሽማግሌ አስከትለው መጡና በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ለሱቅ አከራዪኝ አሉኝ። አሳዘኑኝ፤ ጋቢያቸው እንኳ ያ ነጩ አልነበረም። ግን አስራ አንድ ዓመት የተከራየ ሰው ነኝ፤ የአከራይ ወግ ተምሬያለሁ። «ዋስ ያስፈልጋል ጋሼ» አልኳቸው።

«ሚስቴ አለች!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ታደለች በረንዳው ላይ ገብስ ትለቅማለች። ቀና እንኳ አላለችም። «ቤቴን ሲያስይዝ ያልነገረኝን ሰው?»

«ይኸው አሁን እየነገርኩሽ ነው!»

«መልካም። ሰማሁ። አልዋስም።»

ሽማግሌው ጫማቸውን አዩ። እኔም ጫማዬን አየሁ። ሳቅ ሊገድለኝ ነበር።

ክፍሉን አከራየሁት ወይ? አዎን፣ ለታደለች አከራየሁት። ጨውና ስኳር፣ ጋዝና ክብሪት የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች፤ ባሏንም ሚዛን እንዲይዙላት ቀጠረቻቸው። ጥሩ ሠራተኛ ወጣቸው። አንድ ነገር ብቻ አለባቸው። ደንበኛ ዋጋ ቀንሱልኝ ካላቸው «ቆይ፣ ባለቤቷን ልጠይቅ» ይላሉ። ያኔ የቤቱ ባለቤት እኔም የሱቁ ባለቤት ታደለችም እኩል ብቅ እንላለን።